«ከኳስ እስከ ጥይት ይለካል» ተብሎ የሚሸጠውን ራዳር ተጠንቀቁ

የታዳጊ ፕሮጀክት የምታሰለጥኑ፣ የሰፈር ቡድን የያዛችሁ፣ ልጃችሁ ስንት እንደሚመታ ማወቅ ያማራችሁ ሁሉ፣ ይህን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ። ሰሞኑን ስታዲየም አካባቢና በቴሌግራም ሽጉጥ የሚመስል የፍጥነት መለኪያ ራዳር እየተሸጠ ነው። ካርቶኑ ላይ የኳስ፣ የመኪና፣ የሯጭና የጥይት ሥዕል አለ። ከሥዕሎቹ ሥር «1–1500» የሚል ቁጥር ሰፍሯል። 1500 ምን? ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሁን ሜትር በሰከንድ የሚነግራችሁ የለም።

አብሮኝ የሚያሰለጥን ወዳጄ ከወላጆች በተዋጣ 24 ሺህ ብር አንዱን ገዛ። ዕቃው ጭራሽ አይሠራም አልልም። የሚሠራው እኛ ለማንፈልገው ነገር ነው። ሽወዳውም እዚያ ላይ ነው።

አሻሻጡ እንዲህ ነው። ሻጩ ባትሪ ድንጋይ ከቶበት ደንበኛውን ወደ ሱቁ በር ይዞት ይወጣል። የሚያልፍ ሚኒባስ ላይ አነጣጥሮ ቃታውን ይጫናል። 34። ከኋላ በመጣው አውቶቡስ ላይ ይደግማል። 27። «አየህ አይደል? ትራፊክ ፖሊስ የሚይዘው ራሱ ነው» ይላል። ከዚያ በኋላ የቀረው የዋጋ ክርክር ብቻ ነው።

ሚኒባስ ግን ለራዳር በጣም ቀላሉ ፈተና ነው። ትልቅ ቆርቆሮ ስለሆነ የተላከበትን ሞገድ ጥሩ አድርጎ ይመልሳል። ኳስ ትንሽ ናት፣ ክብ ናት፣ ውስጧም አየር ነው። ሞገዱን ወዲያና ወዲህ በትና ጥቂቱን ብቻ ነው የምትመልሰው። ከታወቁት ርካሽ ራዳሮች አንዱ የሆነው ቡሽኔል ቬሎሲቲ እንኳ መኪናን እስከ 457 ሜትር፣ የቤዝቦል ኳስን ግን እስከ 27 ሜትር ብቻ እንደሚይዝ በግልጽ ይጽፋል። እሱ ሥራውን የሚያውቅ ኩባንያ ነው። የኛው ካርቶን ለሁሉም አንድ ቁጥር ነው የሰጠው።

ወደ ጥይቱ ልምጣ፤ ውሸቱ ፍንትው ብሎ የሚታየው እዚያ ነውና። እንዲህ ዓይነት ራዳር ብዙውን ጊዜ 24 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ፣ ማለትም በሰከንድ 24 ቢሊዮን ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ሞገድ ይልካል። ሞገዱ የሚንቀሳቀስ ነገር ሲነካ ድግግሞሹ ትንሽ ተለውጦ ይመለሳል። ማሽኑ የሚቆጥረው ያንን ልዩነት ነው። በሰከንድ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ፍጥነት ልዩነቱ 160 ኸርዝ ገደማ ይሆናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የምትበር ኳስ 4,500 ኸርዝ አካባቢ ትሰጣለች ማለት ነው። በሰከንድ 800 ሜትር የሚሄድ የጠመንጃ ጥይት ደግሞ ወደ 129 ሺህ ይደርሳል። ለኳስና ለመኪና የተሠራ መቀበያ እዚያ ድረስ አይሰማም።

ጥይት የሚለካው ዕቃ ሌላ ነው፤ ክሮኖግራፍ ይባላል። የቆየው ዓይነት ሁለት የብርሃን ዳሳሾች አሉት። ጥይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እስኪያልፍ ያለውን ጊዜ ይቆጥራል። ዳሳሾቹ 30 ሴንቲ ሜትር ቢራራቁ፣ ያው የ800 ሜትሩ ጥይት መሃላቸውን የሚያቋርጠው ከአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግማሽ ባነሰ ጊዜ ነው። ርቀታቸው በ3 ሚሊ ሜትር ከተዛባ ውጤቱ በ8 ሜትር ይሳሳታል። አዲሶቹ በራዳር ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የጋርሚን ዜሮ ሲ1 ፕሮ ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ሲወጣ ዋጋው 600 ዶላር ገደማ ነበር። ተኩስ ሜዳ ላይ ከጠመንጃው አጠገብ ተቀምጦ በሰከንድ ከ30 እስከ 1,524 ሜትር ይለካል። ፈቃድ ኖሯችሁ ለዒላማ ተኩስ መለኪያ የምትፈልጉ ካላችሁ የምትጠይቁት ይህን ዓይነቱን ነው፤ ቃታ ያለውን ፕላስቲክ አይደለም።

ታዲያ ጥይቱን ካርቶኑ ላይ ለምን ሳሉት? ማንም አያጣራውማ! የጦር መሣሪያ ነገር በአዋጅ 1177/2012 የታሰረ ነው። ሱቅ በር ላይ «እስቲ ተኩሰህ አሳየኝ» የሚል ገዢ አይመጣም።

ኳሱን ግን ማጣራት ይቻላል፤ አጣራነው። ጃን ሜዳ ወስደን ልጆቹን ከ11 ሜትር አስመታናቸው። አንዴ ስክሪኑ ባዶ ሆነ። አንዴ 22 አለ፤ የያዘው ኳሱን ሳይሆን የልጁን መንደርደሪያ ሩጫ ነው። አንዴ ደግሞ ኳሱ ገና መሬት ላይ ቁጭ ብሎ 41 አሳየ። በጎሉ አሻግሮ መንገዱ ላይ ታክሲ እያለፈ ነበር። ልጆቹ ሳቁ፣ ወዳጄ ግን አልሳቀም።

የማዕዘኑን ጉዳይም ሻጮች አያነሱትም። ራዳር ትክክለኛውን ፍጥነት የሚሰጠው ኳሱ በቀጥታ ወደ እናንተ ሲመጣ ወይም ከእናንተ ሲርቅ ነው። ከጎን ሆናችሁ ካነጣጠራችሁ ያሳንሳል። በ20 ዲግሪ 100 የነበረው 94 ይሆናል፤ በ45 ዲግሪ 71። ይህ የዕቃው ጉድለት አይደለም፤ ውዱም ያሳንሳል። ግን ከመስመር ዳር ቆሞ የሚለካ አሰልጣኝ ካላወቀው አንዱን ልጅ ያለ ጥፋቱ ያሰናብተዋል። በማይል የሚያሳዩም አሉ፤ 60 ማይል ማለት 97 ኪሎ ሜትር ነው። ስክሪኑ ጥግ ላይ ያለችውን ደቃቃ ፊደል እዩ።

ወዳጄ ዕቃውን ሊመልስ ሄደ። ሻጩ ወረቀቷን ገልብጦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የምትለውን ማኅተም አሳየው። ይቺ ማኅተም ከተማውን ሞልታዋለች። ነገር ግን የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ችግሩ ማስረጃው ነው። ወዳጄ የያዘው በእጅ የተጻፈ ወረቀት ነው፤ «1 መለኪያ» ብቻ ይላል። ምን እንደሚለካ አይልም። ስለዚህ ሕጋዊ ደረሰኝ ተቀበሉ። «የእግር ኳስ ፍጥነት መለኪያ» ብሎ እንዲጽፍላችሁም አድርጉ። እምቢ ካለ ምክንያቱን እሱም ያውቀዋል።

ለታዳጊ ቡድን ከሆነ በነፃ የሚሠራ ዘዴ አለ። በሰከንድ 240 ምስል የሚያነሳ ስልክ ፈልጉ፤ ብዙዎቹ አይፎኖች በስሎሞሽን ያነሳሉ። ኳሱን ፍጹም ቅጣት ምት ቦታ ላይ አስቀምጡ። ስልኩን ከጎን፣ ኳሱም የጎሉ መስመርም በሚታዩበት ቦታ አቁሙት። ልጁ መሃል ለመሃል ይምታ። ከዚያ እግሩ ኳሱን ከለቀቀበት እስከ ጎሉ መስመር ስንት ምስል እንዳለ አንድ በአንድ እያሳለፋችሁ ቁጠሩ። 9,504ን ለዚያ ቁጥር ስታካፍሉት ፍጥነቱን በኪሎ ሜትር በሰዓት ታገኛላችሁ። 95 ምስል ከሆነ 100 ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ ምስል ብትሳሳቱ ልዩነቱ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ጥግ የተመታውን አትቁጠሩት፤ ወደ ቋሚው ሲሄድ መንገዱ 11 ሳይሆን 11.6 ሜትር ይደርሳል። የምታገኙት አማካይ ፍጥነት ስለሆነ ከእግሩ ስትወጣ ካላት ትንሽ ያንሳል፤ ልጆችን ለማወዳደር ግን ይበቃል።

የግድ ራዳር እንግዛ ካላችሁ ኳስ ይዛችሁ ሂዱ። ሚኒባሱን እርሱት። ሻጩ ከመረቡ ጀርባ ቆሞ የተመታ ኳስ ደጋግሞ ይያዝላችሁ፤ የስልኩን ቁጥርም አስተያዩት። የፖሊስ ራዳር በየጊዜው የሚፈተሸው ሲመታ የታወቀ ድምፅ በሚያወጣ ሹካ መሰል ብረት ነው። ለናንተ ኳሷ ትበቃለች።

ዕቃውን እንድትለዩት ያህል፦ ጥቁር ፕላስቲክ ነው፣ ቃታው ብርቱካናማ፣ እጀታው ላይ የተፋቀ ስቲከር አለበት። ቴሌግራም ላይ 19 ሺህ «ትንሽ የተሠራበት፣ ኦሪጅናል» ተብሎ ሲለጠፍ አይቼዋለሁ። የጥይቱ ሥዕል አሁንም ካርቶኑ ላይ አለ።