ወደ ብላክ ሆል መውደቅ፦ የናሳ 360 ዲግሪ ቪዲዮ ሲገመገም

ናሳ በ2024 እ.ኤ.አ. በነጻ የለቀቀው ይህ ቪዲዮ ተመልካቹን ከፀሐይ 4.3 ሚሊዮን እጥፍ ወደሚከብድ ብላክ ሆል ይዞ ይወርዳል። በጋላክሲያችን እምብርት ያለውም በክብደት ይህንኑ ያህላል። የናሳ ሳይንቲስቶች ጄረሚ ሽኒትማንና ብራያን ፓወል ሲሠሩት ዲስከቨር የተባለው ሱፐር ኮምፒውተር 5 ቀን ያህል ሠርቶ 10 ቴራባይት ዳታ አውጥቷል። የሚታየው በአንስታይን ቀመር የተሰላ የብርሃን ጉዞ ስለሆነ ከተለመዱት የብላክ ሆል ሥዕሎች ጋር ጨርሶ አይወዳደርም።

መጀመሪያ መታየት ያለበት ማብራሪያ ያለው ቅጂ ነው፤ በ360ው ከተጀመረ የቱ ምን እንደሆነ ለመለየት ያስቸግራል። በስልክ ከሆነ በዩቲዩብ አፕ ተከፍቶ ጥራቱ እስከሚቻለው ድረስ ከፍ ይደረግ። በ480 ጥራት የሚደበዝዘው ፒክስሉ ለዙሪያው ሁሉ ስለሚከፋፈልና ዓይን ፊት የሚደርሰው ጥቂቱ ብቻ ስለሆነ ነው። ጋይሮስኮፕ (የስልኩን መዞር የሚለይ መሣሪያ) በሌለው ስልክ ላይ ምስሉን በጣት ማዞር ይቻላል።

ካሜራው ከ640 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቀት ተነስቶ ኢቨንት ሆራይዘን (ያለፈው ሁሉ፣ ብርሃንም ቢሆን፣ የማይመለስበት ድንበር) ለመድረስ 3 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ በመንገዱም ብላክ ሆሉን ሁለት ጊዜ ያህል ይዞረዋል። ይህን ያየ ሰው ብላክ ሆል ያገኘውን ሁሉ ይመጥጣል ብሎ ማመን ይከብደዋል። ፀሐይ በእኩል ክብደት ብላክ ሆል ብትተካ የብላክ ሆሉ ራዲየስ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ መሬትም ትቀዘቅዛለች እንጂ ከምህዋሯ አትወጣም።

ካሜራው ሆራይዘኑን ሲያልፍ ወደ ኋላ አዙሩት። ብዙ ሰው እዚያ ግድግዳ ወይም ድንገተኛ ጨለማ ይጠብቃል፤ ሁለቱም የሉም፣ የውጭው ብርሃን ተከትሎ ይገባል። ተጓዡም ወዲያው አይበጣጠስም። የሆራይዘኑ ስፋት 25 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለሆነ በራስና በእግር መካከል ያለው የስበት ልዩነት እዚያ ገና ትንሽ ነው፤ ስበቱ ጎትቶ የሚበጣጥሰው ካለፈ ከ12.8 ሰከንድ በኋላ ነው። ፀሐይን 10 እጥፍ ብቻ በሚከብድ ብላክ ሆል ቢሆን ግን ሆራይዘኑ ጋ ሳይደርስ ያልቅለት ነበር። ከሩቅ የሚያይ ሰው ደግሞ ካሜራው ሲያልፍ በጭራሽ አያይም፤ ፍጥነቱ እየቀነሰ፣ እየቀላና እየደበዘዘ ሲሄድ ብቻ ያያል።

ሳይገባ የሚመለስበት ሌላ ቅጂም አለ። ብላክ ሆሉ አጠገብ ጊዜ ስለሚዘገይ፣ የ6 ሰዓቱን ደርሶ መልስ የሄደ ሰው ርቀው ከጠበቁት ጓደኞቹ በዕድሜ በ36 ደቂቃ ያንሳል። ብላክ ሆሉ በጣም በፍጥነት የሚሽከረከር ቢሆን ልዩነቱ ዓመታት ይሆን ነበር።

የቪዲዮው ጉድለት ብላክ ሆሉን የሚዞረው የጋለ ጋዝ ዲስክ ላይ ነው። እንዲህ ደምቆ ያየ ሰው የእኛ ጋላክሲ ብላክ ሆልም እንደዚያ የሚያበራ ይመስለዋል፤ እሱ ግን ወደ ውስጡ የሚገባው ጋዝ ጥቂት ስለሆነ እጅግ ደብዛዛ ነው። በምስሉ ላይ ያለው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ፣ ለተማሪዎች የሚያሳይ መምህር ሆራይዘኑ ጋ ሲደርስ ቪዲዮውን አቁሞ በአማርኛ ቢያስረዳ ይሻላል።