ለ2ኤል፣ ለ3ኤልና ለ5ኤል ሞተር የዘይት ፓምፕ፦ የነበረው ይመለስ ወይስ አዲስ ይገዛ?

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ የዶልፊን ሚኒባስ ወይም የአሮጌ ሃይሉክስ ሞተር፣ ማለትም 2ኤል፣ 3ኤል ወይም 5ኤል የሚባለው የቶዮታ ናፍታ ሞተር፣ ወርዶ ሲሠራ ክርክሩ ሁሉ በፒስቶን፣ በፋሻ (በፒስቶን ቀለበት) እና በሪቲፊካ (የተበላውን ገጽ በማሽን በመላግ) ዋጋ ላይ ያልቃል። የዘይት ፓምፑ ነገር የሚነሣው መጨረሻ ላይ፣ ኪስ ከሳሳ በኋላ ነው። ያኔ ወይ «ይሄማ ደህና ነው» ተብሎ በናፍታ ታጥቦ ይመለሳል፣ ወይ ከሱቅ ርካሹ ይመጣል። ሳይለካ ከሆነ ሁለቱም ቁማር ነው። እዚህ የምንመዝነው ሦስቱን ነው፦ ሞተሩ ላይ የነበረውን ኦሪጅናል፣ አዲሱን ኮፒ እና አዲሱን ኦሪጅናል። ሰልቫጁን፣ ከሌላ ሞተር የወረደውን ያገለገለ ፓምፕ፣ ከወዲሁ አውጥተነዋል። ከምን ዓይነት ሞተር ላይ እንደወረደ የሚናገር የለምና።

በቅድሚያ አንድ ነገር ይጥራ። ፓምፑ ግፊት አይሠራም፤ ዘይት ይገፋል እንጂ። ግፊቱ የሚፈጠረው ዘይቱ በብሮንዚኑ (ክራንክሻፍቱ በሚዞርበት ስስ የብረት ማረፊያ) እና በክራንክሻፍቱ መካከል ባለው ጠባብ ክፍተት ለማለፍ ሲታገል ነው። ብሮንዚኑ ከሰፋ ምንም ዓይነት አዲስ ፓምፕ ቢታሰር ሞተሩ ሲሞቅ የዘይት ማስጠንቀቂያው መብራት መብራቱ አይቀርም። «ፓምፕ ቀይረን አልተስተካከለም» የሚባለው አብዛኛው ቅሬታ ምንጩ ይኸው ነው።

የነበረው ኦሪጅናል። በእነዚህ ሞተሮች ላይ ፓምፑ ከፊት፣ ከታይሚንግ ቺንጊያው ኋላ ተቀምጦ በክራንክሻፍቱ ይዞራል። ሞተሩ የወረደው ጭስ ስላበዛ ወይም ዘይት ስለበላ ብቻ ከሆነ፣ ብሮንዚኖቹም ሲፈቱ ገጻቸው ንጹህ ከሆነ፣ የድሮው ፓምፕ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዕድሜ አለው። ብሮንዚን ከተበላ ወይም ከዞረ ግን ምርመራም አያስፈልገው፤ ይጣል። ምክንያቱም ዘይት ወደ ፊልትሮ የሚደርሰው በፓምፑ ካለፈ በኋላ ነው። ከኮፓው (ከታች ካለው የዘይት ገንዳ) በወንፊት ብቻ ተጣርቶ የሚመጣው የብረት ዱቄት መጀመሪያ የሚፈጨው የፓምፑን ጥርስ ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ላይ የዘይት ማቀዝቀዣውም ውስጡ ዱቄት ይዞ ይቀራል። በደንብ መታጠብ ካልቻለ እሱም ይቀየር፤ አለዚያ አዲሱን ብሮንዚን በሳምንት ይጨርሰዋል።

ለመለካት ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያና ፊለር ጌጅ (ክፍተት የሚለካባቸው ስስ የብረት ቅጠሎች) ይበቃል። ፓምፑ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ከደረቀ በኋላ ማስመሪያው በአካሉ ገጽ ላይ ይጋደማል፤ ከጥርሶቹ እስከ ማስመሪያው ያለው የጎን ክፍተት ይለካል። ከ0.03 እስከ 0.09 ሚሊ ሜትር ጤናማ ነው። 0.15 የደረሰ አብቅቶለታል። በውጪው ጥርስና በአካሉ መካከል ያለው የዙሪያ ክፍተትም ይለካል፤ የሚፈቀደው መጠን ከሞተር ሞተር ስለሚለይ ከማኑዋሉ ይታይ። ከሁሉ ግን የጎኑ ይከፋል። በጠባብ ክፍተት የሚያመልጥ ዘይት ክፍተቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል፤ ዓይን የማያየው ሰፋ ማለት ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) ጉድ የሚያፈላው ለዚህ ነው።

ክዳኑ ላይ ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለ ወፍራም መስታወት ላይ ባለ 400 የውኃ ብርጭቆ ወረቀት ተዘርግቶ በዘይት ሊፈገፈግ ይችላል። የአሉሚኒየሙ አካል ራሱ ከተቧጨረ ግን መፈግፈጉ አያዋጣም። በመጨረሻ የግፊት መልቀቂያው ቫልቭ ይወጣል። ፒስቶኑ ዘይት ተቀብቶ ቀዳዳው ውስጥ ሲለቀቅ በራሱ ክብደት ያለ ችግር መውረድ አለበት። ከተያዘና ክፍት ከቀረ ግፊት የለም፤ ዝግ ከቀረ ደግሞ ደሴ በብርድ ጠዋት ሲነሣ ፊልትሮውን ያፈነዳዋል።

አዲሱ ኮፒ። ከኦሪጅናሉ በብዙ ይረክሳል፤ ስለዚህም ሱቁ ውስጥ በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ሁሉም መጥፎ አይደለም። ችግሩ ከአንድ ካርቶን ውስጥ አንዱ ከሌላው አለመመሳሰሉ ነው። የሚታዩት ጉድለቶች የታወቁ ናቸው፦ የጎን ክፍተቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ ሰፊ፣ ገጹ በደንብ ያልተላገ፣ የመልቀቂያው ስፕሪንግ ልፍስፍስ፣ የዘይት መተላለፊያው ጥግ ላይ የተረሳ የአሉሚኒየም ፍርፋሪ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ተለጥፏልና ልኬቱ እዚያው ባንኮኒው ላይ፣ ብር ከመከፈሉ በፊት ይደረግ። ፊለር ጌጅ ይዞ መሄድ ነውር የለውም። ባለሱቁ ክዳኑን ማስፈታት እምቢ ካለ መልሱ ያ ነው።

የእኛ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ተለክቶ ያለፈ አሮጌ ኦሪጅናል ካልተለካ አዲስ ኮፒ ይበልጣል።

አዲሱ ኦሪጅናል። የቶዮታ ሙሉ የዘይት ፓምፕ የክፍል ቁጥሩ በ15100፣ ወንፊቱ በ15104 ይጀምራል፤ የቀረው ቁጥር ከሞተሩ ጋር ይመሳከር። በአይሲን ማሸጊያ የሚመጣውም ጥሩ ምርጫ ነው፤ አይሲን ለቶዮታ የሚያቀርብ አምራች ነው። ማሸጊያው ግን በቀላሉ ይኮረጃልና እሱም ይለካ። ብሮንዚን በልቶ ለወረደ ሞተር ገንዘቡ ይገባዋል። ለሌላው ቅንጦት ነው፤ ያው ብር ለጥሩ ብሮንዚን ቢውል ይሻላል።

የትኛውም ይታሰር፣ የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ አገጣጠሙ ነው። ኦሪንጉና የፊት ፓራኦሊዮው (ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው ጎማ) ሁልጊዜ አዲስ ይሁኑ። የወንፊቱ ቧንቧ ማሸጊያ ካረጀ ፓምፑ ዘይት ሳይሆን አየር ይስባል። ሲልኮን በስሱ ይቀባ፤ ሲጠበቅ ወደ ውስጥ የተረፈው ትል እየተቆረጠ ሄዶ ወንፊቱን ይደፍናል። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነች ዘይቱን ወደ ፓምፑ የሚገፋው የአየር ግፊት ከባሕር ወለሉ ሩብ ያህል ያንሳል። ጠዋት ዘይቱ ወፍሮ፣ ወንፊቱም ግማሽ ተደፍኖ ከሆነ ፓምፑ ይራባል።

ደረቅ ፓምፕ ዘይት አይስብም። ከመታሰሩ በፊት በጥርሶቹ መካከል ቫዝሊን ይሞላ፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይቀልጣል። ግሪስ አይሆንም። ከዚያ የናፍታ መቁረጫው ሶሌኖይድ ሽቦ ተነቅሎ፣ ሞተሩ ሳይነሣ በየ10 ሰከንዱ እያረፉ በስታርተር ማዞር፣ ግፊት እስኪታይ ድረስ።

ግፊት የሚታየው በመብራት አይደለም። መብራቱ የሚጠፋው በጣም ዝቅ ባለ ግፊት ስለሆነ መጥፋቱ ማስረጃ አይሆንም። በዘይት ስዊቹ ቦታ ማኖሜትሮ (የግፊት መለኪያ) ይታሰር፤ የቀዳዳው ጥርስ አንድ ስምንተኛ ኢንች ነው። በሞቀ ሞተር ሚኒሞ ላይ ቢያንስ 0.3፣ በ3,000 ዙር ከ2.5 እስከ 6.0 ኪሎ በካሬ ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ጋራዥ ቆሞ የሚለካ ሞተር ያታልላል። ከኮምቦልቻ ተጭኖ ዳገቱን ወጥቶ ደሴ እንደገባ፣ ሳይጠፋ፣ ሚኒሞ ላይ የሚነበበው ቁጥር ነው እውነቱ። ወደ ባቲና ሚሌ ቆላ የሚሠራ መኪና ከሆነ ከ0.3 ጥቂት ብቻ ከፍ ያለው አይበቃውም፤ እዚያ ሙቀቱ ዘይቱን ይበልጥ ያቀጥነዋል።

ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይትና ፊልትሮ ይቀየር። የወጣው ፊልትሮ ተቆርጦ ወረቀቱ ይዘርጋና ፀሐይ ላይ ይታይ፦ የሚያብለጨልጭ ካለ ኮፓው እንደገና ይወርዳል።