ለእንቅርት ናሙና የቱ ይሻላል? ቀጭኑ መርፌ ወይስ ወፍራሙ?

አክስቴ ናሙና ልትሰጥ ከዘጌ በጀልባ ተሻግራ ባሕር ዳር መጣች። አንገቷ ላይ ያለውን እብጠት በእጅ ዳስሰው በመርፌ ወሰዱላት። ውጤቱ ሲመጣ «በቂ ሴል የለውም፣ ይደገም» ይላል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ ኤፍ ኤን ኤ፣ ማለትም በቀጭን መርፌ ናሙና መውሰድ፣ የታዘዘለት ሰው ሲጠይቀኝ የምለው አለኝ።

ገንዘብ የምትጨምሩ ከሆነ አልትራሳውንድ ላይ ጨምሩ። ትልቅና ጠጣር እብጠት በዳሰሳም ይወሰዳል። ትንሽ ከሆነ፣ ወደ ኋላ ከተደበቀ ወይም ውኃ ከቋጠረ ግን በዳሰሳ የገባው መርፌ ፈሳሹን ብቻ ቀድቶ ሊወጣ ይችላል። በአልትራሳውንድ ሲሆን ሐኪሙ የመርፌውን ጫፍ እያየ ጠጣሩን ቦታ ይወጋል። የአክስቴ እብጠት ግማሹ ውኃ ነበር። ሁለተኛው ናሙና በአልትራሳውንድ ተወስዶ ወዲያው ተሳካ።

በቀጭኑ መርፌ አወሳሰዱ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው በሲሪንጅ መሳብ ነው። ሌላው ሳይስቡ መርፌውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ማንቀሳቀስ ነው፤ ሴሉ በራሱ ወደ መርፌው ይወጣል። እንቅርት የሚያብጥበት የአንገት እጢ፣ ታይሮይድ፣ ደም የሚበዛበት ስለሆነ ሲሳብ ደሙ ሴሉን ሊሸፍነው ይችላል። ፈሳሽ ለመቅዳት ደግሞ መሳብ ግድ ነው። ይህን ለሐኪሙ ተዉለት።

ወፍራሙ መርፌ፣ ማለትም ኮር ባዮፕሲ፣ በማደንዘዣ ይወሰዳል። የተበታተነ ሴል ሳይሆን የሥጋ ክር ያወጣል። ደም የማፍሰስ ዕድሉም ከቀጭኑ ይበልጣል። ቀጭኑ ደጋግሞ «በቂ አይደለም» ሲል ወይም ሊምፎማ (የሊምፍ ሴሎች ካንሰር) ሲጠረጠር ይጠቅማል። «ወፍራም ስለሆነ እርግጠኛ ነው» ብላችሁ በመጀመሪያ እሱን አትምረጡ። ፎሊኩላር የሚባለውን ዕጢ ካንሰር መሆን አለመሆኑን ሁለቱም መርፌዎች አይለዩም። ካንሰር መሆኑ የሚታወቀው ሽፋኑን ሰብሮ ከወጣ ነው፤ ይህ የሚታየው ደግሞ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ናሙናው በቂ መሆኑ እዚያው በማይክሮስኮፕ ይታይ እንደሆነ ጠይቁ። ቢያንስ 6 የሴል ስብስብ፣ በእያንዳንዱም 10 ሴል ያስፈልጋል። ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ ከሆነ ንገሯቸው፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡ።

ውጤቱን ስትቀበሉ የቤተስዳ ቁጥሩን፣ ማለትም የታይሮይድ ናሙና ውጤት የሚመደብበትን ቁጥር፣ ጠይቁ። ከ1 እስከ 6 ነው። 1 በቂ ናሙና አልተገኘም፣ 2 ካንሰር ያልሆነ፣ 6 ካንሰር ማለት ነው። የአክስቴ 2 ሆነ።