የሆስፒታል ሶፍትዌር ፍላጎት ጥናት፦ ከካርድ ክፍል የተሰጠ ግምገማ

ስለ ሶፍትዌር ብዙ ተብሏል። እኔ የማወራው ከሶፍትዌሩ በፊት ስለሚመጣው አገልግሎት ነው። ሆስፒታሉ ምን እንደሚፈልግ አጥንቶ በሰነድ የሚያስቀምጠውን ማለቴ ነው፤ የአይቲ ልጆች ሪኳየርመንት ይሉታል። ጨረታው የሚወጣው በዚህ ሰነድ ነው። እዚያ ያልተጻፈ ነገር በኋላ ሲጠየቅ ተጨማሪ ብር ያስከፍላል።

ሆስፒታላችን ሰሜን ሸዋ ውስጥ ነው። በርኖስ የደረበው የመንዝ ሰውም፣ ከሸዋሮቢት ወባ ይዞት የወጣውም እኛ ጋ ይመጣል። ጥናቱን የሠራልንን ድርጅት ስም አልጠራም፤ የማመሰግነውም የምወቅሰውም አለኝ።

ከምስጋናው ልጀምር። ድርጅቱ ካርድ ክፍል የመደባት ባለሙያ ልጅ በገበያ ቀን መጥታ ከጎኔ ወንበር ሳበች። ቀን መምረጥ ታውቃለች። ገጠሬው እህሉን ሸጦ በዚያው ሕመሙን የሚያሳየው የገበያ ዕለት ነው፤ ሰልፉ ግቢውን ይሞላል። አንድ አባት መስኮቱ ጋ ደረሱ።

«አባባ፣ ዕድሜዎ ስንት ነው?»

«ምኑን አውቄው ልጄ! ጃንሆይ ሲወርዱ ጥጃ እጠብቅ ነበር።»

ጃንሆይ የወረዱት መስከረም 1967 ነው። ጥጃ ጠባቂ ሰባት ስምንት ዓመት ቢሆነው ነው። ስልሳ አካባቢ ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ሳቀችና ወዲያው መዘገበች፦ የትውልድ ቀን ግዴታ አይሁን፣ ግምታዊ ዕድሜ ይቀበል፣ ግምት መሆኑም ይታይ። ይህ ባይጻፍ ኖሮ የወረዳው ሕዝብ በሙሉ መስከረም 1 የተወለደ ይሆን ነበር።

ሌላም አለ። ገና ስም ያልወጣለት ሕፃን ካርድ የሚወጣለት በእናቱ ስም ነው። ሰነዱ የልጁ ካርድ ከእናቱ ካርድ ጋር ይያያዝ፣ ስም ሲወጣለት ቁጥሩ ሳይቀየር ይታረም ይላል። መንታ ከሆኑም አንድና ሁለት ተብለው ይለያሉ። ፀሐይን አንዱ በ«ፀ»፣ ሌላው በ«ጸ» ቢጽፋትም ፍለጋው ያገኛታል። በጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደ ልጅም «የተሳሳተ ቀን» ተብሎ አይመለስም።

የሰዓቷን ነገር ግን ከሁሉም ወደድኳት። ነርሷ «2 ሰዓት» ስትል ጠዋት ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ 2 ሰዓት ካለ ለእኛ ከሌሊቱ 8 ነው። መርፌ በሰዓቱ የሚወጋ በሽተኛ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። ስለዚህ ጠዋት፣ ማታ ወይም ሌሊት የሚለው ቃል ከቁጥሩ ጎን ሁልጊዜ ይታይ ተብሏል።

አሁን ወደ ወቀሳው። የጤና መድህኑንና የፋርማሲውን ክፍል የጻፉት ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ከኃላፊዎች ጋር፣ ሻይ እየተቀዳ። ያስታውቃል። «ሲስተሙ የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህንን ይደግፋል» ይላል። በቃ፣ ይቺው ናት። የአባልነት መታወቂያው ለዘንድሮ ታድሷል ወይ? ልጁ በቤተሰቡ ስር ተመዝግቧል ወይ? ከጤና ጣቢያ የሪፈር ወረቀት ይዟል ወይ? ቲቢና ክትባት ነፃ ስለሆኑ ሂሳብ ውስጥ እንዳይገቡ ማን ይለያቸዋል? መድህን መስኮት ላይ ግማሽ ቀን የተቀመጠ ሰው ይህን ሁሉ ሳይጠይቅ አይነሳም ነበር።

ፋርማሲውም እንደዚያው። ሐኪሙ መድኃኒት ሲያዝ በእጃችን መኖሩን ያያል ወይስ በሽተኛው መስኮት ደርሶ «የለም» ይባላል? ፋርማሲ ለዕቃ ቁጥጥር ዳጉ የሚባለውን ሶፍትዌር ይጠቀማል። አዲሱ ከዳጉ ጋር ይናበባል ወይስ ፋርማሲስቷ ሁለቴ ትጻፍ? ሰነዱ ዝም።

ሪፖርት ላይ ደግሞ «በየወሩ መጨረሻ» ብለው አረፉት። የእኛ የሪፖርት ወር እኮ ከ21 እስከ 20 ነው! የጤና ሪፖርት የሚሞላበት ሲስተም፣ ዲኤችአይኤስ 2 ላይ የሚገባው በዚህ ነው። ኤችኤምአይኤስ በሚባለው የጤና መረጃ ክፍል ያለውን ማንኛውንም ሰው ኮሪደር ላይ አስቁመው ቢጠይቁ ይነግራቸው ነበር።

«ሲስተሙ ፈጣንና ለአጠቃቀም ቀላል ይሁን» የሚለውንም ሰርዙልኝ። ጨረታ የሚገባ ሁሉ የኔ ፈጣን ነው ይላችኋል። የቆየ በሽተኛን ካርድ በስንት ሴኮንድ ያወጣል? እሱ ቁጥር ይጻፍ። መብራትም ይጠፋል፤ ሰነዱ «24 ሰዓት ይሠራል» ከማለት፣ ሲጠፋ በወረቀት የምንሰጠው የካርድ ቁጥር አስቀድሞ ተለይቶ ይቀመጥ፣ ሲመጣም ማን እንደሚያስገባው ይነገር።

ድጋሚ ይቀጠሩ ወይ ብትሉኝ፣ አዎ፤ በተለይ ያቺ ልጅ ካለች ዓይኔን አላሽም። ግን ውሉ ላይ ባለሙያዎቹ የሚቀመጡባቸው ክፍሎች በስም ይዘርዘሩ፦ ካርድ ክፍል፣ መድህን መስኮት፣ ፋርማሲ፣ ላብራቶሪ፣ የሌሊት ተረኛ ነርሶች። የመጨረሻው ክፍያም የሚለቀቀው የየክፍሉ ሠራተኛ የራሱን ገጽ አንብቦ ሲፈርም ይሁን።