«ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለው ለጠየቁኝ ሐኪም

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ካሰብኩ ሰነበትኩ። በጀመርኩት ቁጥር እንባዬ እየቀደመኝ አቋርጠዋለሁ። ዛሬ ግን ልጨርሰው ነው። ዛሬ ከእንቅርት ቀዶ ሕክምናዬ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁለት ክፍለ ጊዜ በተከታታይ አስተምሬ፣ ድምፄ ሳይቆራረጥ ቤቴ ገባሁ።

የምጽፈው ስለ አንዲት የቀዶ ሕክምና ሐኪም፣ ስለ አንድ የሕፃናት ሐኪምና ስለ አንዲት የሌሊት ተረኛ ነርስ ነው። ስማችንን በአደባባይ አታውጪ ብለው ለምነውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። የሚፈልጋቸው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ በደስታ እነግረዋለሁ።

መጀመሪያ ግን ምሬቴን ልተንፍስ።

አንገቴ ላይ ያለው እንቅርት ለዓመታት አብሮኝ ኖሯል። እያደር ሲያድግ በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሽ ያሳጥረኝ ጀመር። በአልትራሳውንድ ታየ፣ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ካንሰር አይደለም፣ ግን የአየር ቧንቧሽን እየተጫነው ስለሆነ መውጣት አለበት ተባልኩ። መጀመሪያ የሄድኩበት ቦታ የነበረው ሐኪም ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ቀላል ነገር ነው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ትገቢያለሽ» አለኝ። ድምፄን ይነካዋል ወይ ብዬ ስጠይቀው «ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሁሉ አታንብቢ» ብሎ ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋው። በቃ፣ ይኸው ነው መልሱ። እኔ የታሪክ መምህር ነኝ። የምኖረው በድምፄ ነው።

በዚያው ሰሞን የሰባት ወር ልጄ ታመመች። በንፍጥ ጀመራት። ከዚያ ሳል ተከተለ። ከዚያ ጡት ይዛ ትንሽ ስባ ታቋርጥ ጀመር። ሁለት ቦታ ወሰድኳት። አንደኛው ቦታ ልብሷን እንኳ ሳይገልጡ የአንቲባዮቲክ ሽሮፕ ጻፉልኝ። ሁለተኛው ቦታ «ያኛው ደከም ያለ ነው» ተባለና ሌላ አንቲባዮቲክ ታዘዘ። ደረቷን ያዳመጠ የለም። ምን እንደያዛት የነገረኝ የለም። «እናቶች ስትባሉ መፍራት ትወዳላችሁ» ያለኝ ሰው ግን አለ። ይህቺ ቃል እስካሁን ከውስጤ አልወጣችም።

እንዲህ ተጨንቄ ሳለሁ ነው አንዲት ባልደረባዬ ወደ እኚህ ዶክተር የላከችኝ። ልጄን የምተውላት ሰው ስላልነበረኝ ታቅፌያት ገባሁ።

ዶክተሯ ፋይሌን ከመክፈታቸው በፊት አዩኝና «ሥራሽ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ለዚህ እንቅርት ስንት ሐኪም ፊት ተቀምጫለሁ። አንዱም ይህን ጠይቆኝ አያውቅም። መምህር ነኝ ስላቸው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡና «እንግዲያው ስለ ድምፅሽ በደንብ እንነጋገራለን» አሉ። እኔ እዚያው አለቀስኩ። አላቻኮሉኝም።

ከዚያ «ይህ ሳልሽ ስንት ቀን ሆነው?» አሉ። ከልጄ የያዘኝ ጉንፋን ነው አልኩ። ዓይናቸው ወደ ልጄ ዞረ። ዝም ብለው ለጥቂት ጊዜ አይዋት። ከዚያ «ልብሷን ልግለጠው?» ብለው ጠየቁኝ። ትንፋሽ ስትስብ ከጎድን አጥንቷ በታች ያለው ቦታ ወደ ውስጥ ይሰረጉድ ነበር። አፍንጫዋም ይነፋል። እኔ ያንን ሁሉ ቀን ሳየው ከርሜ ነበር፤ ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ ሰው ስለሌለ ለምጄዋለሁ። እሳቸው «ያንቺ ይቆያል፣ የልጅሽ ይቅደም» አሉና ተነሡ። ወረቀት ጽፈው ሂጂ ሊሉኝ ይችሉ ነበር። የአንገት ሰርጀን ናቸው፤ የሕፃን ሳል የሳቸው ሥራ አይደለም። ቦርሳዬን ራሳቸው ይዘው፣ ደረጃውን አብረውን ወርደው፣ እስከ ሕፃናት ክፍል ድረስ አደረሱን። ውጭ ወረፋ የሚጠብቅ በሽተኛ ነበራቸው። እነዚያን ሰዎችም ራሳቸው ወጥተው ይቅርታ ጠየቋቸው። ብዙ ደግ ሰው አይቻለሁ። ያችን ቦርሳ ግን እስክሞት አልረሳትም።

የሕፃናት ሐኪሙ መጀመሪያ ያደረገው ነገር መቁጠር ነው። ሰዓቱን ይዞ አንድ ደቂቃ ሙሉ የደረቷን መውጣትና መውረድ ቆጠረ። 64 ሆነ። ከሁለት ወር እስከ አንድ ዓመት ባለ ሕፃን በደቂቃ 50 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው አለኝ። ከሁለት ወር በታች ላለ 60፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ላለ 40። ልጁ ሳያለቅስ፣ ረጋ ብሎ ሳለ ነው የሚቆጠረው። እናቶች፣ እባካችሁ ይህችን ቁጥር ያዟት። ምንም መሣሪያ አትፈልግም። ለእኔ ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ሁለት ሳምንት ባልተንከራተትኩ ነበር።

ከዚያ ጣቷ ላይ ቀይ መብራት ያላት ትንሽ ነገር አደረገ፤ ኦክስጅኗ ዝቅ ብሏል። በቀጭን ዘንግ ከአፍንጫዋ ናሙና ወሰደ። ማሽኑ እንዴት እንደሚለየው ዛሬም አልገባኝም። ውጤቱ ሲመጣ ግን አርኤስቪ የሚባል ቫይረስ ነው ተባልኩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ይህ ቫይረስ ያልያዘው ልጅ ጥቂት ነው አለኝ። ለአብዛኞቹ ጉንፋን ሆኖ ያልፋል። እንደ እሷ ላሉ ትንንሾች ግን ወደ ሳንባ ቀጫጭን ቧንቧዎች ይወርድና ትንፋሽ ያሳጥራቸዋል። ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ያ ሁሉ ሽሮፕ በከንቱ ነበር ማለት ነው።

«ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አልኩት። አፍንጫዋን በጨው ውኃ አለስልሶ ማጽዳት፣ ጡት ትንሽ ትንሽ እያደረጉ ቶሎ ቶሎ መስጠት፣ ኦክስጅን፣ መጠበቅ። ይኸው ነው። ሁለት ሌሊት በኦክስጅን አደረች። ምርመራው ሌላም ጥቅም ነበረው፤ ቫይረሱ ስለታወቀ ከሌሎቹ ሕፃናት ለይተው አስተኟት። ሲስተሮቹም ሊነኳት በመጡ ቁጥር እጃቸውን ይታጠባሉ፤ በእጅና በዕቃ ይተላለፋል አሉኝ። በሦስተኛው ቀን ሁለቱንም ጡት ጠብታ ጠግባ ተኛች። እኔም አብሬያት።

የኔን ቀዶ ሕክምና ዶክተሯ አንድ ወር ያህል አራዘሙት። መጀመሪያ ከፍቶኝ ነበር። ምክንያቱን ሲነግሩኝ ገባኝ። ሳል ላይ ሆኖ ማደንዘዣ መውሰድ ለትንፋሽ ጥሩ አይደለም። ከዚያ ሁሉ በላይ፣ ገና የተሰፋ አንገት ይዞ በኃይል ማሳል ደም ሊያስፈስስ ይችላል። አንገት ውስጥ ደም ቢጠራቀም መሄጃ የለውም፣ ትንፋሽ ያፍናል። «አንድ ወር ብንጠብቅ እንቅርቱ የትም አይሄድም» አሉኝ። እዚያኛው ቦታ በቀጠሮዬ ብገባ ኖሮ ሳሌን ማን ይጠይቀኝ ነበር? ይህን ሳስብ አሁንም ይዘገንነኛል።

ቀኑ ሲቃረብ ወረቀት ላይ ሥዕል ሣሉልኝ። ቢራቢሮ የምትመስል፣ ታይሮይድ የምትባል የአንገት ዕጢ፤ እንቅርት የሚባለው የሷ ማበጥ ነው። ከኋላዋ በግራና በቀኝ የሚያልፉ ድምፅን የሚያንቀሳቅሱ ሁለት ነርቮች። ከዚያ አራት የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ ነጠብጣቦች፤ የሰውነትን ካልሲየም የሚቆጣጠሩት ፓራታይሮይድ ዕጢዎች እነዚህ ናቸው። «እነዚህን ሁሉ ለይቼ ለማቆየት የምችለውን ሁሉ አደርጋለሁ። ፈጽሞ አይነኩም ብዬ ግን አልዋሽሽም» አሉ። በዓመት ስንት እንዲህ ዓይነት ቀዶ ሕክምና ይሠራሉ ብዬ ደፍሬ ጠየቅኩ። ምንም አልተቀየሙም። «ይህን ሁሉም ሰው ሊጠይቅ ይገባዋል፣ አዘውትሮ የሚሠራው ሰው እጅ ላይ ችግሩ ያንሳል» ብለው ቁጥሩን ነገሩኝ። ድምፄን አስቀድመው በአፍንጫ በምትገባ ቀጭን ካሜራ አሳዩት፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውን ከምን ጋር እናወዳድራለን ብለው።

የታሪክ መምህር ነኝና ያን ሰሞን ስለዚህ ሕክምና ሳነብ አመሸሁ። ቴዎዶር ኮኸር የሚባል የስዊዘርላንድ ሰርጀን አለ፤ በታይሮይድ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1909 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ከሱ በፊት በዚህ ቀዶ ሕክምና ብዙ ሰው ይሞት ነበር። እኔን የነካኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዕጢያቸውን ሙሉ በሙሉ ያወጣላቸውን ሰዎች መልሶ ጠርቶ አያቸው። ደክመዋል፣ አስተሳሰባቸው ቀዝቅዟል። ይህን ሳይደብቅ እ.ኤ.አ. በ1883 በአደባባይ ተናገረ። ዛሬ እኔ ጠዋት ጠዋት የምውጣት ኪኒን የዚያን ዕጢ ሥራ ትሠራልኛለች። የኔ ዶክተር «አልዋሽሽም» ሲሉኝ ያ ሰው ትዝ አለኝ።

ስነቃ ራስጌዬ ላይ የታሸገ ነገር አየሁ። የሌሊቷን ሲስተር ጠየቅኳት። ስፌት መክፈቻ ነው አለችኝ። «አንገትሽ ድንገት ቢያብጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርሽ ዕቃ ፍለጋ እንዳንሮጥ ነው። እንዲያው አያስፈልግሽም፣ ግን እዚህ ይቀመጥ።» ሌሊቱን ስንት ጊዜ እንደመጣች አልቆጠርኩም። በመጣች ቁጥር አንገቴን ታያለች፣ «እስቲ ስምሽን ንገሪኝ» ትለኛለች። ድምፄን ለመስማት ነው። ሻከር ያለ ነበር፣ ግን ነበረ።

በማግስቱ ሌሊት ከንፈሬ ዙሪያ ነዘረኝ። ጣቶቼም። ሰው ላለማስቸገር ዝም አልኩ። በፊት በሄድኩባቸው ቦታዎች ጠይቄ ተግሳጽ ስለለመድኩ መሰለኝ። ሲስተሯ ገባችና እኔ ምንም ሳልናገር «ከንፈርሽን ወይ ጣትሽን ይነዝርሻል?» አለችኝ። አዎ ስላት ፊቷ አልተለወጠም። «ለምን አልጠራሽኝም የኔ እህት? ካልሲየምሽ ወርዶ ይሆናል» አለች። ወዲያው ደም ወሰደች፣ ሐኪም ጠራች፣ ካልሲየም ተሰጠኝ። እስኪለቀኝ እጄን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። ልሄድ ስልም አስጠናችኝ፦ የታይሮይዱን ኪኒን በባዶ ሆድ፣ ካልሲየሙን ደግሞ ኪኒኑን ከወሰድሽ አራት ሰዓት ካለፈ በኋላ። አብረሽ ከወሰድሽ ኪኒኑን አያሠራውም አለች። ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ።

እንቅርት ቀዶ ሕክምና የምትጠብቁ፣ እባካችሁ ጠይቁ። ድምፄ ቀድሞ ይታያል ወይ በሉ። ሌሊት ማን ያየኛል በሉ። የሚቆጣችሁ ካለ ተነሥታችሁ ሂዱ፤ የማይቆጡ ሐኪሞች አሉ፣ እኔ አግኝቻቸዋለሁ። የሕፃናት እናቶችም፣ ልብስ ሳይገልጥ መድኃኒት የሚጽፍ ሰው ካጋጠማችሁ ሌላ ጋ ውሰዱ። እለምናችኋለሁ።

ዶክተር፣ ይህ ከደረሰዎት፦ ልጄ ቆማ መሄድ ጀምራለች። ስሟን ከሌላ ክፍል ስጠራት ትሰማኛለች። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።