የዘጌው መንፈሳዊ ጉዞ፦ አገልግሎት ላቋረጡ ምእመናን ምን ያህል ይጠቅማል?

በባሕር ዳር መንፈሳዊ ጉዞ የሚያዘጋጁ ማኅበራት ብዙ ናቸው፤ መርሐ ግብራቸውም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ ማልዶ በጀልባ መነሣት፣ ገዳም መሳለም፣ ስብከትና መዝሙር መስማት፣ ጠበል ጠጥቶ ማታ መመለስ። በበዓለ ኀምሳ እሑድ ቀን የተጓዝኩበት ይህ ጉዞ ግን የተጠራው ለተወሰኑ ሰዎች ነበር። ቀድሞ ሲያገለግሉ ቆይተው በውድቀት ምክንያት የራቁትን፣ ማለትም ድቁናቸው የፈረሰባቸውን፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት በጠብ የወጡትን፣ በአደራ ገንዘብ የተሰናከሉትንና የመሳሰሉትን፣ ከነቤተሰባቸውና ከወዳጆቻቸው ይጋብዛል። የምነቅፈው ነገር ስላለ የአዘጋጆቹን ስም ከመጥቀስ ተቆጥቤያለሁ።

ስለ መጓጓዣው ብዙ የሚባል የለም። ጀልባው ዘግይቶ ተነሣ፣ የመንሳፈፊያው ሰደርያ ለሁሉም አልደረሰም፣ ድምፅ ማጉያውም ደንገል ታንኳቸው ላይ ማገዶ ጭነው ወደ ከተማ የሚቀዝፉትን ሰዎች ሁሉ ዘወር ብለው እንዲያዩን እስኪያደርግ ድረስ ይጮኽ ነበር። የጣና ሐይቅ ደሴት ገዳም በሆነው ክብራን ገብርኤል ላይ ወንዶቹ ሲወርዱ ሴቶቹ ጀልባው ውስጥ ቀሩ። ሴቶች ወደ ክብራን የማይገቡት በገዳሙ ሥርዓት ስለሆነ አዘጋጆቹ አይወቀሱበትም፤ ነገር ግን ሴቶች የሚሳለሙት እንጦስ ኢየሱስ አጠገቡ እያለ ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው እንዲጠብቁ ማድረግ የሐሳብ ጉድለት ነው። ከተጓዦቹ መካከል ከአገልግሎት የራቁ ሴቶችም ነበሩና።

የጉዞው ፍሬ የታየው በሐይቁ ዳር ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ስንደርስ፣ በቡናው ጫካ መካከል ወጥተን ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከገባን በኋላ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ክብ ነው፤ በውጭ በኩል ማኅሌት የሚቆምበት ቅኔ ማኅሌቱ ይዞራል፣ ከእርሱ ቀጥሎ ምእመናን የሚቆርቡበት ቅድስቱ አለ፣ መካከሉ ላይ ታቦቱ ያለበት መቅደሱ ይገኛል። አብረውን የተጓዙት መምህር ስብከታቸውን የመሠረቱት በዚህ አሠራር ላይ ነበር። ድቁናው የፈረሰ ሰው ንስሐ ገብቶ፣ ቀኖናውን ፈጽሞ ሥጋ ወደሙን መቀበል እንደሚችል፣ ወደ ቀድሞ የመቅደስ አገልግሎቱ ግን እንደማይመለስ በግልጽ ተናገሩ። ብዙ ሰባኪ ይህን የሚያልፈው ሰዎቹን ላለማስከፋት ይመስለኛል፤ እርሳቸው ግን አላለፉትም። ከዚያም ወደ ቅኔ ማኅሌቱ ጠቁመው፣ የቤተ ክርስቲያን ዜማ ለዘመናት የተጠበቀው የመቅደሱን ደፍ በማይሻገሩ ደባትር፣ ማለትም በዜማ ሊቃውንት ጭምር እንደሆነ አስረዱ። ማዕረግ ሊፈርስ ይችላል፣ እግዚአብሔር ሰውን የጠራበት ጥሪ ግን ሌላ በር ይፈልጋል የሚለውን ትምህርት እንደዚህ በግድግዳና በደፍ ተገልጾ ሰምቼ አላውቅም።

በመቋሚያና በከበሮ የሚዘመረው ወረብ ሲጀመር ቀድሞ ዲያቆን የነበረ አንድ ጎልማሳ ጫማ ማውለቂያው ዘንድ ዓምድ ተደግፎ ቀረ። አብረውን የመጡት አረጋዊ መሪጌታ መስመሩን ትተው ወደ እርሱ ሄዱና የራሳቸውን መቋሚያ ዘረጉለት።

«የኔታ፣ እኔ እኮ ድቁናዬ ፈርሷል» አላቸው ዝቅ ብሎ።

«ልጄ፣ ድቁናህ እንጂ ድምፅህም ፈረሰ እንዴ? በል ያዝ!»

መቋሚያውን ተቀበለ። መጀመሪያ እጁ ከሌሎቹ አንድ ምት ወደኋላ ይቀር ነበር፤ ከበሮው ጠንከር ሲል ግን አንድም ምት አልሳተም። እርሳቸው ያለ መቋሚያ፣ ጸናጽል ብቻ ይዘው ቆሙ። ለጉዞው የከፈልኩት ገንዘብ ለዚህ ብቻ ቢሆን አይቆጨኝም።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ያለው የበላኤ ሰብ ሥዕል ግን ለዚህ ጉባኤ በሚስማማ መንገድ አልተብራራም። አስጎብኚው 78 ነፍስ የበላው ሰው በእመቤታችን ስም ለተጠማ ባጠጣት ጥርኝ ውኃ እንደዳነ ተርኮ «እናንተም ተስፋ አትቁረጡ» ብሎ አለፈ። ታሪኩ ለነፍስ መዳን ተስፋ ይሰጣል፤ ከተጓዦቹ ብዙዎቹ የተቸገሩት ግን «ሰኞ ጠዋት ምን ላገልግል?» በሚለው ጥያቄ ነው። ለዚህ መልስ የሰጠው ምሳው ነበር።

ምሳው ሐይቁ ዳር ፍም ላይ የተጠበሰ ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ ነው። ጎንና ጎኑ ተተልትሎ፣ ቆዳው እስኪንጣጣ ተጠብሶ፣ ከዳቦና ከሚጥሚጣ ጋር ይቀርባል፤ ጣዕሙ ከተማ ውስጥ ካሉት ዓሣ ቤቶች አይተናነስም። ምግቡ የተመረጠው እንዲሁ አይደለም። መምህሩ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21ን ያስተማሩት ፍሙ አጠገብ ቆመው ነው። ጴጥሮስ ጌታውን የካደው በሊቀ ካህናቱ ግቢ የፍም እሳት እየሞቀ ነበር፤ ከትንሣኤ በኋላም በጥብርያዶስ ባሕር ዳር የጠበቀው ፍምና ዓሣ ነው። ሦስት ጊዜ የካደ ሰው ሦስት ጊዜ «ትወደኛለህን?» ተባለ፤ በእያንዳንዱ መልሱም ላይ የእረኝነት አደራ ተሰጠው። ለምን ካድህ ብሎ የመረመረው የለም። መምህሩ ይህን ተናግረው ሲጨርሱ ዓሣ የሚያገላብጡት እናት እንኳ እጃቸውን አቁመው ያዳምጡ ነበር።

የሚያሳዝነው ከምሳ በኋላ አስተባባሪዎቹ የቃል መግቢያ ወረቀት ማደላቸው ነው። እያንዳንዱ ሰው ስሙን፣ የሚጀምረውን አገልግሎትና ቀኑን ሞልቶ በጉባኤው ፊት እንዲያነብ ተጠየቀ። ይህ ገና አሁን ከሰማነው ትምህርት ጋር በቀጥታ ይጋጫል። ጴጥሮስ በጸሎተ ኀሙስ ማታ ነፍሱን እንኳ ሊሰጥ ቃል ገብቶ ነበር፤ የወደቀው ያን ቃል ይዞ ነው። ስለዚህ በባሕሩ ዳር ሌላ መሐላ አልተጠየቀም፤ ፍቅሩን ተጠየቀ፣ ሥራ ተሰጠው። በውድቀቱ አፍሮ ለዓመታት የተሸሸገን ሰው በማያውቃቸው ሰዎች ፊት አቁሞ ቃል ማስገባት ሁለተኛ ውድቀት ማዘጋጀት ነው። መቋሚያ የተቀበለው ጎልማሳ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ደግ አደረገ እላለሁ። በወረቀቱ ፋንታ ከየሰው ንስሐ አባት ወይም አጥቢያ ጋር የሚያገናኝ አንድ አስተባባሪ ቢመደብ ኖሮ ይሻል ነበር፤ ከጉዞው በኋላ ማንም ማንንም አልጠየቀምና።

እንዲህም ሆኖ ጉዞውን እመክራለሁ፤ በተለይ ጉዳዩን ለንስሐ አባቱ ተናግሮ ቀኖናውን ለጀመረ ሰው። ገና ለማንም ላልተናገረ ሰው ግን ጉዞው የግል ምክር ጊዜ ስለሌለው አስቀድሞ ንስሐ አባቱን ቢያነጋግር ይሻለዋል። ወረቀቱን አልሞላም ማለት ይቻላል፤ እኔ አልሞላሁም፣ ያስቀየምኩትም ሰው የለም። ሰደርያ ሳይሰጣችሁ ከባሕር ዳር እንዳትነሡ፤ ከሰዓት በኋላ ሐይቁ ነፋስ ስለሚበዛበት የመልሱ ጉዞ ከጠዋቱ ይልቅ ያናውጣል።