ጌጅ ያላት የኳስ ፓምፕ፣ ከደሴ ገበያ

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ የስፖርት እቃ ሱቅ ነው የገዛኋት፣ በእጅ የምትነፋ ሆና ክብ ጌጅ (የአየር ግፊት መለኪያ) አላት። እኛ ሰፈር ኳስ ሲላላ ጎሚስታ ነበር የሚኬደው፣ ልጁ የባጃጅ ጎማ እንደሚነፋ ነፍቶ ይሰጥሃል፣ ከዛ ኳሷ ድንጋይ ሆና ትመጣና አንዴ መሬት ከነካች ከጭንቅላት በላይ ነው የምትነጥረው፣ በደረት ማብረድ የለ ምን የለ።

አሁን በቁጥር ሆነ። የጨዋታው ህግ በባህር ጠለል ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይላል፣ ጌጁ ላይ ከ8.5 እስከ 15.6 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ማለት ነው፣ በጣም ሰፊ ነው ወላሂ፣ ታችኛውና ላይኛው ቁጥር እግር ላይ ሁለት የተለያየ ኳስ ነው። ሜዳችን ጠጠር ስለሆነ እኔ 9 ላይ አቆማለሁ። በደንብ የተነፋች ኳስ መሬት ስትመታ ብዙ አትጨፈለቅም፣ የታመቀው አየር ጉልበቱን መልሶ ይሰጣታል፣ የላላችው ግን ቆዳዋ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ጧ ብላ ትተኛለች።

ጌጁ የበለጠ የሚጠቅመው ኮምቦልቻ ለግጥሚያ ስንወርድ ነው። የሚያሳየው በኳሷ ውስጥና በውጭው አየር መሀል ያለውን የግፊት ልዩነት ነው፣ ደሴ 2500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጭው አየር ስስ ነው፣ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ይከብዳል፣ እና እዚህ 9 ያልናት ኳስ እዛ 8 አካባቢ ትወርዳለች። ግን ደግሞ የኮምቦልቻ ሙቀት አለ፣ ኳሷ በ10 ዲግሪ ከሞቀች ከግማሽ ፒኤስአይ በላይ ትጨምራለች፣ ፀሐይ ላይ ጥለዋት ከዋሉማ አትጠይቁኝ። ስለዚህ ቤት ነፍቶ መሄድ ዋጋ የለውም፣ እዛው ሜዳ ዳር ለክታችሁ ነው ማስተካከል።

አሁን ወደ ችግሯ። መርፌዋ የማትረባ ናት፣ ትንሽ ጠመም ካለች ቫልቩ ውስጥ ትሰበራለች፣ ሳታረጥቧት እንዳትከቱ፣ ካላማዳሪውን (የኳሷን የውስጥ ጎማ) ትጎዳዋለች። ባለሱቁ ሁለት መርፌ አላት ብሎ ሳጥኑ ውስጥ ያለችው አንድ ናት፣ ስመለስ "አንድ ነው የሚመጣው" አለኝ በቃ። ጌጁም የተጻፈበት በ5 በ5 ስለሆነ 9ን በአይን ነው የምትገምተው፣ ሲለካም ትንሽ አየር ስለሚያመልጥ ጥቂት አስበልጣችሁ ንፉ።

የሰፈር ቡድን ያላችሁ ግዟት፣ ዋጋዋ ከአንድ ደህና ኳስ በጣም ያንሳል። በረኛችን ግን አሁንም ጠነከረች ብሎ 8.5 አድርጉልኝ እያለ ይጨቃጨቃል፣ አጥቂዎቹ ደግሞ 10 ይላሉ።